ከስብራቱ የባሰ ሕመም

ቡና ሥራ የገባሁ ቀን አክስቴ እጄን ይዛ ነው የወሰደችኝ። ቀይ ቡና ደርሷል፣ ለቃሚ ይፈለጋል ተብሎ ከሸዋ ቤንች ወደ ቴፒ ሰው ይጎርፍ ነበር። ካቦው እጄን ገልብጦ አየና «ይቺ ገና ልጅ ናት፤ ቀዩን ከአረንጓዴው ትለያለች?» አለ። አክስቴ «የሚለየው ዓይኗ ነው፤ እጇ ይለቅማል» አለችው። ሳቀና ቅርጫት ሰጠኝ።

ቅርጫቴ ርክክብ ላይ ሲደርስ አረንጓዴም፣ የደረቀም፣ ቅጠልም ተገኘበት። ካቦው ሸራ ላይ ገለበጠውና «በይ አሁን ልቀሚው» ብሎኝ ሄደ። ሌሎቹ ወደ ማደሪያቸው ሲሄዱ እኔ ተቀምጬ ፍሬ በፍሬ ለየሁ። አክስቴ ቆማ ጠበቀችኝ እንጂ አላገዘችኝም። «እጅሽ ካልለመደ ነገም ትቀመጫለሽ» አለችኝ።

ለቀማ ላይ ብዙ ዓመት ቆየሁ። ልጄን ምሕረትን ከወለድኩ በኋላ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ተዛወርኩ። እዚያ እሸቱ ቡና በመፈልፈያ ማሽን ይላጣል፣ ገንዳ ውስጥ ያድራል፣ በቦይ ይታጠባል። ከዚያ ከስሱ ቅርፊቱ ጋር አልጋ ላይ ይሰጣል። አልጋ የምንለው በወንፊት ሽቦ የተወጠረ፣ ወገብ የሚደርስ ረጅም ቆጥ ነው። ሴቶች በግራና በቀኝ ቆመን ቡናውን በእጃችን እናገላብጣለን። የተሰበረውን፣ የጠቆረውን፣ ተባይ የበላውን እየለቀምን እናወጣለን። አሁን የአልጋ ኃላፊ ነኝ።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ የምጽፈው እንደምናገረው ነው። ስለ ቡና ብዙ ማለት እችል ነበር። ግን የምጽፈው ስለ አንድ እጅ ነው፤ በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያን ጊዜ ፈርቼ አላውቅምና።

አልጋችን ላይ አንድ ወግ አለ። አንዷ ስትወልድ፣ ስታዝን ወይም ስትጎዳ ድርሻዋን ሌሎቻችን እንሠራላታለን። እሷ አጠገባችን ትቀመጣለች፤ ስሟ ይጠራል፣ እንደሠራች ቀኗ ይያዝላታል። እጇን ወደ ቡናው ብትዘረጋ «አንሺ! ማን ንኪ አለሽ?» ተብላ ቸብ ትደረጋለች። ደግ ወግ ነው። ምሕረት ጡት በምትጠባበት ጊዜ እኔም ኖሬበታለሁ።

ምሕረት ልብስ ስፌት ትማር ነበር። ቡና በሚደርስበት ወቅት ግን ከእኔ ጋር ጣቢያው ትሠራለች። አንድ ቀን ከጓደኛዋ ጋር እርጥብ ቡና በባሬላ ተሸክማ ከቦዩ ወደ አልጋው ስትወጣ ጭቃው አዳለጣት። ባሬላውን እንዳትጥል ብላ በአንድ እጇ መሬቱን ተደገፈች። ቀኝ እጇ ነው። አንጓዋ ላይ ቀጭ ሲል አጠገቧ የነበሩት ሰምተዋል።

ጤና ጣቢያ ወሰድናት። አጥንቷን አስተካክለው ጀሶ አደረጉላት። ባለሙያዋ «ጣቶችሽን ቶሎ ቶሎ አንቀሳቅሺ፤ እጅሽን ከፍ አድርጊ፤ ሕመሙ ከጨመረ ተመልሰሽ ነይ» አለቻት። እኔም ሰምቻለሁ።

ጣቢያው ስንመለስ ወጉ ጠበቀን። አስካለ የምትባል ባልደረባ አለችኝ፤ የካፋ ሴት ናት፣ አፏ አያርፍም፣ ልቧ ግን እንጀራ ነው። «አንቀሳቅሺ አለቻት? አጥንቱ እንዲላቀቅ?» አለች። ነጠላዋን አውልቃ የምሕረትን እጅ እስከ ጣቷ ጫፍ ጠቀለለችና አንገቷ ላይ አሰረችው። «በቃ፤ እስኪድን ድረስ ይቺ እጅ እንግዳ ናት። እንግዳ አይታዘዝም።»

እውነትም እንግዳ ሆነች። ጎረቤት ፀጉሯን ሠራላት። እኔ አጎረስኳት። ቁልፏን የምትቆልፍላት እህቷ፣ ጫማዋን የማስርላት እኔ። የጠየቀ ሁሉ ሲወጣ «እግዜር ይማርሽ፤ እንዳታንቀሳቅሺው» ይላታል። የጤና ጣቢያዋ ሴት አንድ ናት፤ ጠያቂው መንደር ሙሉ ነው።

ስብራት ያማል፣ ይህን ማን ያጣዋል። ግን ሕመሙ እያደር መቀነስ ነበረበት፤ የምሕረት ጨመረ። «እማዬ፣ እጄን እሳት ዳር ያስቀመጥኩት ይመስለኛል» ትለኝ ጀመር። ጣቶቿ አበጡ። ተመልሰን ሄድን፤ ጀሶው ጠቧት እንዳይሆን ብለው ሰንጥቀው አሰፉላት። ለአንድ ሁለት ቀን ቀለል አላት። ከዚያ ያው ማቃጠል መጣ።

ጀሶው የተፈታ ዕለት ደስ ይለናል ብዬ ነበር። እጇ አብጦ ያብለጨልጫል። ጠዋት ቀይ ነው፣ ከሰዓት ወደ ሰማያዊ ይዞራል። መዳፏ ያልበዋል፤ ግራው ደረቅ ነው። ጣቶቿን ልትጨብጥ አትችልም። ከሁሉ የገረመኝ ግን የሸሚዟ እጅጌ ሲነካት መጮኋ ነው። እጅጌ! የተሰበረው ቦታ ሳይሆን ጀርባ እጇን።

የቤተ ክርስቲያን እህቶች ሊጸልዩላት መጡ። አንዷ ጸሎቱ ሲሞቅ መዳፏን እጇ ላይ አሳረፈች። ምሕረት ጮኸች። ሴትየዋ ያደረባት ነገር የጮኸ መሰላትና ድምፅዋን ጨምራ መገሠጽ ጀመረች። «እህቴ፣ የጮኸችው ልጄ ናት፤ እባክሽ እጅሽን አንሺና ጸልዪላት» አልኳት። አነሳች። በሩቁ ጸለየችላት።

አልጋው ላይም ወሬው አላቆመም። አንዷ «መጋኛ ነው» አለች። ሌላዋ «በደንብ አልገጠመም፤ ወጌሻ ቅቤ አድርጎ ጠበቅ አድርጎ ይሸው» አለች። አስካለ «ጀሶው ቶሎ ተፈቶባት ነው፤ መልሰን እንሰር» አለች። እኔ ግን እጁን ሳይ አንድ ሌላ እጅ ትዝ አለኝ።

እትዬ ዘነበች የጣቢያችን ጠባቂ ናት፤ ዶሮና ፍየል ከአልጋው ታባርራለች። ድሮ ከእኛ ጋር አልጋ ላይ ትቆም ነበር። ግራ እጇ ወልቆ፣ ውልቃቱ ከዳነ በኋላ አልታዘዝ አላት። ወጉ ደርሶ ሁላችንም ሠራንላት፤ ሲቆይ ወደ ጥበቃ አዛወሯት። ከዚያ ወዲህ ያንን እጅ ከነጠላዋ ሥር ስታወጣ አይተን አናውቅም። እጇ አብጦ ሲያብለጨልጭ ግን በመጀመሪያው ሰሞን አይቼዋለሁ።

በሩ ጋ ተቀምጣ አገኘኋት። «እትዬ፣ እጅሽ እንዴት ነበር የጀመረሽ?» አልኳት።

ነጠላዋን እጇ ላይ ሳበች። «ይህን ያህል ዓመት አብረን ስንሠራ ጠይቀሽኝ አታውቂም።»

«ዛሬ ጠየቅኩሽ።»

«ሞቀኝ። መጀመሪያ ሙቀት ነው። ጨርቅ አያስነካም። አለበኝ። ውልቃቱ ድኗል ይሉኛል፣ እኔ ግን ከወለቀበት ቀን ብሶብኛል። እናንተም አረፊ አላችሁኝ፣ አረፍኩ። ነፋስ እንዳይነካው ሸፈንኩት። ሲቆይ ሙቀቱ ሄደ፣ ቀዘቀዘ፣ ጣቴ እንደታጠፈ ቀረ።» ከዚያ ወደ አልጋዎቹ አሻግራ አየች። «የምሕረት ገና ትኩስ ነው?»

«ትኩስ ነው።»

«እንግዲያ ምን ታወሪኛለሽ? ሂጂ። ሚዛን ሆስፒታል ውሰጃት። እኔ የሄድኩት ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።»

በነጋታው ሚዛን ወሰድኳት። ሚኒባሱ ውስጥ ሰው እንዳይነካት እጇን ወደ ላይ አንስታ ተቀመጠች። ረዳቱ አይቶ «እህት፣ ጥያቄ ካለሽ ቀጥዪ፤ ዕድሉ ተሰጥቶሻል» አላት። መኪናው ሙሉ ሳቀ። ምሕረትም ሳቀች፤ ከተሰበረች ወዲህ ስትስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ከዚያ መኪናው ጉድጓድ ገባ፣ ሳቋ ወደ ለቅሶ ዞረ። ረዳቱ ደንግጦ አጠገቧ የነበረውን ሰውዬ አስነሣና ቦታውን ባዶ አደረገላት።

ሆስፒታል ሐኪሙ ራጅ አስነሣት። አጥንቱ ደህና ገጥሟል፣ መግልም የለም አለ። እኔ ይህን ስሰማ ባሰብኝ። አጥንቱ ደህና ከሆነ ታዲያ ምን ሊጠግኑላት ነው? ሐኪሙ መድኃኒት ጻፈላትና ወደ ሌላ ክፍል መራን። እዚያ አንድ ወጣት ተቀበለን።

«ዶክተር፣» አልኩት።

«ዶክተር አይደለሁም ማዘር። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«እሱ መድኃኒት ያዛል፣ እኔ ሥራ አዛለሁ።»

ሁለቱን እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠ። በመጀመሪያ አልነካም፤ ቀለሙን፣ እብጠቱን፣ ላቡን፣ ጥፍሯን ሳይቀር አስተያየ። ከዚያ አስፈቅዷት በጀርባ እጁ ግራዋን፣ ቀጥሎ ቀኟን ነካ። «ይኼኛው ይሞቃል» አለ። «ሕመሙ ከተሰበርሽበት ቀን ይበልጣል ወይስ ያንሳል?»

«ይበልጣል» አለችው። «ሰው አያምነኝም እንጂ።»

«እኔ አምንሻለሁ።» ይህን ሲላት አንገቷን ደፍታ አለቀሰች።

የበሽታውን ስም ነገረኝ፤ ረጅም የፈረንጅ ስም ነው፣ አልያዝኩትም። «በአማርኛስ?» ስለው «ውስብስብ የሆነ የአንድ አካል ክፍል ሕመም ማለት ነው። ከስብራት፣ ከወለምታ፣ ከቀዶ ጥገናም በኋላ ይመጣል» አለኝ። «አጥንቱ ድኗል። ነርቩ ግን መዳኑን አልሰማም፤ አሁንም ተሰብሬያለሁ እያለ ይጮኻል። ስለሚጮህ እጁን ታሳርፉታላችሁ። ባረፈ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይጮኻል፣ ይደርቃል።»

«ያሳረፍናት እኛ ነን። እኛ ነን ያመጣንባት?»

«የማንም ጥፋት አይደለም። አንዱን ይይዘዋል፣ ሌላውን ይተወዋል፤ ለምን እንደሆነ በሙሉ የሚያውቅ የለም። ግን ቶሎ መጥታችኋል። ቶሎ የመጣ እጅ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።»

ሥራውን አዘዘ። ጣት መክፈትና መዝጋት፣ ጥቂት ጥቂት፣ ቀኑን ሙሉ እየተመላለሱ። ቆዳውን ማስለመድ፤ መጀመሪያ በጥጥ፣ ከዚያ በስስ ጨርቅ፣ ከዚያ በፎጣ፣ ከዚያ እጁን እህል ውስጥ ማስገባት። መስታወት አቁሞ ከጀርባው የታመመውን እጅ መደበቅ፣ ደህነኛውን እያንቀሳቀሱ መስታወት ውስጥ ማየት። በታመመው እጅ መብላት፣ መቆለፍ፣ መያዝ። በጉልበት ማሸት የለም፣ ማሰር የለም፣ በረዶ የለም።

«ብታለቅስስ?» አልኩት።

«ትንሽ ታለቅሳለች። ሕመሙ ከፍ ብሎ ከተመለሰ ደህና ነው፣ ቀጥሉ። ከፍ ብሎ እስከ ነገ ከቆየ አብዝታችኋል፣ ቀንሱ። አስገድደሽ አታጥፊባት፤ የምታንቀሳቅሰው እሷ ናት። ግን እጁ ሥራ አይፍታ።»

መስታወቱ ቤት ውስጥ አሳቀን። ምሕረት ግራ እጇን ከፍታ ስትዘጋ መስታወቱ ውስጥ ቀኟ ደህና ሆና የምትሠራ ትመስላለች። «እማዬ፣ ይቺ ሞኝ እጅ ተሸወደች!» አለች። እኔ ግን ከጀርባው ያለችውን እውነተኛዋን ነበር የማየው። ጣቶቿ ትንሽ ትንሽ እየተከተሉ ነበር።

እህል ሲባል እኔ ያለኝ ቡና ነው። አልጋ ላይ የደረቀ ቡና ለስላሳም አይደል፣ አይወጋም። ምሕረትን ከጎኔ አቆምኳትና «ጣትሽን አሳርፊ» አልኳት። የጣቷን ጫፍ አሳረፈች። ከንፈሯን ነክሳ እንባዋ ወረደ።

አስካለ ከወዲያኛው ማዶ አየች። «አንቺ! እናት ነሽ ወይስ ካቦ?» ብላ ጮኸች። «ካቦ እንኳ በሽተኛ አያሠራም!» አልጋውን ዞራ መጥታ ምሕረትን ከእጄ ነጠቀችኝና አስቀመጠቻት። ሌሎቹም ተሰበሰቡ። «እንጀራ እናት እንኳ እንዲህ አታደርግም» ያለችም አለች። ሚዛን የተባልኩትን ነገርኳቸው። አስካለ «እነሱማ ምን አለባቸው፤ የሚያማት እሷን!» አለችኝ።

እውነቱን ልጻፍ፤ እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም። ልጅ ፊትሽ እያለቀሰች ሠርተሽ ዳኚ ማለት ቀላል አይደለም። ወጣቱ ተሳስቶ ቢሆንስ? እጇን በገዛ እጄ ባጠፋውስ?

ጩኸቱን ሰምቶ ካቦያችን ጋሽ በላይ መጣ። «አልማዝ፣ ሰው ምን ይላል? ጣቢያው ስብራት ያለበት ሰው ያሠራል ይሉናል። ልጅቷ ትቀመጥ፣ ቀኗን እይዝላታለሁ።»

«ጋሽ በላይ፣ ቀኗን አልፈልግም። ስሟንም አትጥራ። እጇን ቡና ላይ ታኑር ብቻ።»

«ስሙ ያልተጠራ ሰው አልጋ ላይ አይቆምም። ደንቡን አንቺም ታውቂዋለሽ።»

ያኔ ነው እትዬ ዘነበች ከበሩ የመጣችው። ማንንም አላናገረችም። አልጋው ጋ ደርሳ ነጠላዋን ገለጠችና ግራ እጇን ቡናው ላይ አስቀመጠች። ቀጭን ነው፣ ቆዳው አጥንቱ ላይ ተጣብቋል፣ ጣቶቿ እንደታጠፉ ናቸው። ቡናው ላይ ሆኖ አንዲት ፍሬ እንኳ መያዝ አልቻለም።

«እኔን ደግ ሆናችሁ አላሠራችሁኝም» አለች። «አመሰግናለሁ፤ በፍቅር ነው። ግን እዩት።»

አስካለ አፏን ያዘች። ምሕረት ከተቀመጠችበት ተነሥታ መጣችና ያበጠች እጇን ከእትዬ ዘነበች እጅ ጎን አሳረፈች። አንዱ ይሞቃል፣ አንዱ ይበርዳል። ጋሽ በላይ ወደ ዳር ጠቆመ። «መጨረሻ ያለው የውራጅ አልጋ የማንም አይደለም» አለ። «እዚያ ስም አይጠራም። የፈለገ እጁን ያኑር።»

የውራጅ አልጋ ማለት እኛ ለቅመን ያወጣነው የተበላሸ ቡና የሚሰጥበት ነው። ምሕረት እዚያ ቆመች። መጀመሪያ ጣት ጫፍ፣ ከዚያ መዳፍ፣ ከዚያ ማገላበጥ። ሲያማት ታቆማለች፣ ሲመለስላት ትቀጥላለች። አንድ ቀን አብዝታ እጇ አብጦ አደረ፤ በሚቀጥለው ቀን ቀነስን። ለክትትል ወደ ሚዛን ተመላለስን። አስካለ ከእኔ ባሰች፤ ምሕረት በግራዋ ስትጎርስ ካየች «እንግዳዋ ሄዳለች፣ በባለቤቷ ብዪ!» ትላታለች።

ቀጥ ብሎ አልሄደም። የማቃጠሉ ነገር ሄደ ስንል የሚመለስበት ሳምንት ነበር። አንዳንድ ቀን «ቁረጡልኝ» ያለችበትም አለ። ወጣቱ ይህን ስነግረው አልተቆጣም፤ ስለ እንቅልፏም፣ ስለ ፍርሃቷም ጠየቃትና ሐኪሙ መድኃኒቱን አስተካከለላት። ቀስ በቀስ የሁለቱ እጆች ሙቀት ተቀራረበ። እጅጌ ማስነካት ቻለች። መቀስ ያዘች፤ ቀጥሎ የስፌት መኪናውን ጎማ አዞረች።

አንድ ቀን ቡናው ሊደርቅ ተቃርቦ ሳለ ከጌጫ በኩል ጥቁር ደመና መጣ። ዝናብ ካገኘው የሳምንት ሥራ ይበላሻል፤ ስለዚህ «ሸራ!» ሲባል ያለ የሌለ ሰው ይሮጣል። የላስቲክ ሸራውን ከአልጋው ጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ሰው ወጥሮ መጎተት አለበት፣ ነፋሱ ደግሞ ይታገላል። አንዱን ጫፍ ይዤ ስጎትት ማዶ የያዘው ሰው አጥብቆ ጎተተኝ። ቀና ስል ምሕረት ናት። በሁለት እጇ ጨብጣዋለች፤ ዝናቡ ፊቷን እየመታት «እማዬ፣ ምን ትፈዢያለሽ፣ ጎትቺ እንጂ!» ትለኛለች። ጎተትኩ።

ትንሿ ጣቷ እስከ መጨረሻው አትታጠፍም። ብርድ ባለበት ጠዋት እጇ ይከብዳታል። ልብስ ትሰፋለች። እኔም አሁን ድረስ ሰላም ስትለኝ እጇን ትንሽ አቆይቼ ሙቀቱን እለካለሁ፤ ታውቅብኛለች፣ አትከለክለኝም።

አልጋ ላይ አዲስ ለሚገቡ ልጆች ይህን እነግራለሁ። ከስብራት በኋላ ሕመም እያደር ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ከጨመረ፣ ካቃጠለ፣ እጅ ካበጠ፣ ቀለሙ ከተለዋወጠ፣ ከሌላው እጅ ከሞቀ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ጨርቅ ካላስነካ፣ ያልፋል ተብሎ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰሞን ሐኪም ዘንድ ይኬዳል። ሐኪሙ አንቀሳቅሺ ያለው ጣት ይንቀሳቀሳል። የታመመችውን ባልደረባ እናግዛታለን፤ እጇ መሥራት የሚችለውን ግን አንሠራላትም።